የ1967ቱ የሽንት ናሙና፦ የሂዩበርት ሀምፍሬይ የፊኛ ካንሰር ጉዳይ

ፓቶሎጂ ክፍል፣ ማለትም የታካሚ ሴልና ቲሹ በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ስላይድ መጣል አይወድም። መዝገቡ ተዘግቶ፣ ታካሚው ድኖ ወይም አርፎ፣ መስታወቱ ላይ የተቀቡት ጥቂት ሴሎች ግን መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣሉ። አብዛኞቹን ዳግም የሚያያቸው የለም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ናሙና ከተኛበት ይወጣና ተዘግቷል የተባለ ክርክር እንደገና ይከፍታል። እዚህ የምተርከው ጉዳይ እንዲህ ያለው ነው።

ናሙናው የተወሰደው በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ከሂዩበርት ሀምፍሬይ ሽንት ነው። በ1994 የጆንስ ሆፕኪንሶቹ ራልፍ ህሩባንና ዴቪድ ሲድራንስኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረውት ውጤቱን በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳተሙ። በ1976 ከሀምፍሬይ ፊኛ በተወሰደው ካንሰር ውስጥ የነበረው የጂን ለውጥ በ1967ቱ የሽንት ሴሎች ውስጥም ተገኘ። በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ዘጠኝ ዓመት አለ።

ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ያኔ ምርመራው ቢኖር ኖሮ ሰውየው ይተርፉ ነበር» ለማለት ነው። እኔ ይህን ያህል አልደፍርም። ስለ ሽንት ጠቋሚዎች (ሽንት ውስጥ የካንሰር አሻራ ስለሚፈልጉ ምርመራዎች) ጥቅምና ወሰን ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር አንድ ታካሚ አላውቅም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከደም እስከ ቀዶ ሕክምና

ሀምፍሬይ በ1911 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የመድኃኒት መደብር ነበራቸው፤ እሳቸውም ፋርማሲ ተምረው እዚያው ሠርተዋል። ኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብተው የሚኒያፖሊስ ከንቲባ፣ የሚኒሶታ ሴናተር፣ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ የሊንደን ጆንሰን ምክትል ሆኑ። በ1967 በሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ሳሉ ሽንታቸው ደም ቀላቀለ።

ደም የቀላቀለ ሽንት የፊኛ ካንሰር ዋነኛ ምልክት ነው። ችግሩ ምልክቱ የካንሰር ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ጠጠር፣ ኢንፌክሽን፣ የፕሮስቴት ማበጥ ሁሉም ያደማሉ። ሐኪሞቹ በጊዜው የሚደረገውን አደረጉ። በሲስቶስኮፒ ፊኛቸውን ከውስጥ አዩ፣ ከግድግዳው ቁራጭ ወስደው ለባዮፕሲ ላኩ፣ ሽንታቸውንም ለሳይቶሎጂ፣ ማለትም ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ ሰጡ። የተመለሰው መልስ አንድ አልነበረም። ናሙናዎቹ ለበርካታ ባለሙያዎች ታይተው አንዱ ካንሰር ነው ሲል ሌላው አይደለም አለ። የቲሹው ለውጥ በድንበር ላይ ያለ ተብሎ ተፈረጀ፤ ማለትም ጤነኛ ለማለት የሚያስቸግር፣ ካንሰር ብሎ ለመፈረምም የማያስደፍር።

የተወሰነው ክትትል ሆነ። በ1968 ጆንሰን ለዳግም ምርጫ እንደማይወዳደሩ ሲያስታውቁ ሀምፍሬይ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ሆኑ፤ በሪቻርድ ኒክሰን የተሸነፉት ከአንድ በመቶ ባነሰ የሕዝብ ድምፅ ልዩነት ነው። ሰውየው አገር ሲያካልሉ ፊኛቸው ውስጥ ስላለው ነገር መራጩ አያውቅም ነበር። (የመሪ ሕመም ለሕዝብ ይነገር ወይስ አይነገር የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እዚህ አልገባበትም።)

በ1971 ወደ ሴኔት ተመለሱ። በ1973 ፊኛቸው ውስጥ ለሕክምና የሚያበቃ ነገር ተገኝቶ ጨረር ተሰጣቸው። በ1976 ካንሰሩ የፊኛውን ግድግዳ ሰርስሮ መግባቱ ተረጋገጠና በኦክቶበር ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ፊኛቸው ሙሉ በሙሉ ወጣ። ኬሞቴራፒም ወሰዱ። በኦገስት 1977 ሆዳቸው እንደገና ሲከፈት ዳሌ ውስጥ ሊወጣ የማይችል ዕጢ ተገኘ። ጃንዋሪ 13 ቀን 1978 ሚኒሶታ ውስጥ ዌቨርሊ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ።

ሁለት ዐዋቂ አንድን ሴል አይተው ለምን ይለያያሉ

የ1967ቱን ሐኪሞች በችኮላ ከመውቀስ በፊት ማይክሮስኮፑ ሥር ያለውን ነገር ማየት ያስፈልጋል።

የፊኛ ውስጠኛ ሽፋን እንደ ማንኛውም ሽፋን ያረጁ ሴሎቹን ያራግፋል። የተራገፉት ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ሽንቱ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ዝቃጩ ከታች ይቀመጣል፤ ያ ዝቃጭ መስታወት ላይ ተቀብቶ ይቀለማል። የማሕፀን ጫፍ ምርመራን ያስተዋወቁት ጆርጅ ፓፓኒኮላው ከቪክተር ማርሻል ጋር ሆነው ይህንኑ ዘዴ ለሽንት መንገድ ካንሰር ያቀረቡት በ1945 ነው። ሥራው እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ሠልጣኝ ዓይን ይፈልጋል።

ዓይኑ የሚያየው ይህን ነው። ጤነኛ የፊኛ ሴል ሰፊ አካል አለው፤ ኑክሌሱ (ዲኤንኤ የያዘው የሴሉ እምብርት) መሐሉ ላይ ትንሽ ሆኖ፣ ዙሪያው ለስላሳ ሆኖ ይቀመጣል። የከፋ ደረጃ ካንሰር ሴል ግን ኑክሌሱ አብጦ ሴሉን ሊሞላ ይደርሳል፤ ቀለሙ እንደ ቀለም ጠብታ ይጠቁራል፤ ጠርዙ ይጨማደዳል። አስር እንዲህ ያሉ ሴሎች ተሰባስበው ከታዩ የሚከራከር የለም። ክርክር የሚነሳው መካከለኞቹ ላይ ነው። ኑክሌሱ ጨምሯል፣ ግን ምን ያህል? ጠርዙ ተጣሟል፣ ግን ሴሉ ሽንት ውስጥ ሰዓታት ቆይቶ ስለተበላሸ ይሆን? ጠጠር የፈተገው ሽፋን፣ በኢንፌክሽን የተቆጣ ፊኛ፣ በቅርቡ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) የገባለት ታካሚ፣ ሁሉም ካንሰር የሚመስሉ ሴሎችን ያወጣሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው የፊኛ ዕጢ ሴሎቹ ጤነኛ መስለው ማንንም ሊያታልሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሳይቶሎጂ «ካንሰር ነው» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ዝም ሲል ግን ዝምታው አይታመንም።

በ2016 የታተመው የሽንት ሳይቶሎጂ የፓሪስ የአዘጋገብ ሥርዓት ይህን ግራጫ ክልል ለማጥበብ የኑክሌስንና የሴልን ምጣኔ ሳይቀር በመስፈርት አስቀምጧል። «አጠራጣሪ» የሚለው መደብ ግን ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ሀምፍሬይ የወደቁት እዚያ ክልል ውስጥ ነው።

ባዮፕሲስ? በፊኛ ካንሰር አስቸጋሪው ዓይነት ካርሲኖማ ኢን ሲቱ የሚባለው ነው። እንደ አበባ ጎመን ወደ ውስጥ የሚያብብ ሳይሆን ሽፋኑ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ነው። በተራ ነጭ ብርሃን ሲስቶስኮፒ አንዳንዴ ቀላ ያለ ጥፍጥፍ ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዴ ምንም አይታይም። ቁራጩን የሚወስደው ሐኪም ከትክክለኛው ቦታ አንድ ሴንቲሜትር ቢስት ጤነኛ ቲሹ ይዞ ይመጣል። ሽንት ግን ከመላው ፊኛ የተራገፈውን ይሰበስባል። ለዚህ ነው በዚህ ዓይነቱ ካንሰር ከባዮፕሲው ይልቅ ሽንቱ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅበት ጊዜ የሚኖረው።

መልሱ የመጣው ሰውየው ካለፉ በኋላ ነው

ፒ53 የተባለው ፕሮቲን የታወቀው በ1979 ነው፤ ሀምፍሬይ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ። ያኔም ካንሰር አምጪ መስሎ ነበር የታየው፤ በተቃራኒው ካንሰር ከልካይ መሆኑ የታወቀው አስር ዓመት ዘግይቶ በ1989 ነው። ጂኑ ክሮሞዞም 17 ላይ ተቀምጧል። ዲኤንኤው የተጎዳ ሴል እንዳይከፈል የሚያስቆም፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝ ነው። ሲበላሽ ሴሉ ፍሬን ያጣል። ትንሽ ዲኤንኤ አባዝቶ ለማየት የሚያስችለው ፒሲአር ደግሞ በ1983 ነው የተፈለሰፈው። እንግዲህ በ1967 ሁለቱም አልነበሩም፤ የሚፈለገው ነገርም መፈለጊያውም።

በ1991 ሲድራንስኪ ከበርት ቮገልስታይንና ከሌሎች ጋር በሳይንስ መጽሔት ያሳተመው ጥናት መንገዱን ከፈተ። ግድግዳ ከሰረሰሩ 18 የፊኛ ካንሰሮች በ11ዱ ፒ53 ተለውጦ ተገኘ። ከዚያ የ3 ታካሚዎችን ሽንት አዩ፤ በሦስቱም የዚያው ለውጥ አሻራ ነበር። መጠኑ ነው የሚገርመው፦ ለውጡን የያዙት ከዝቃጩ ሴሎች ከ1 እስከ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ማይክሮስኮፕ የያዘ ሰው ከመቶ ሴል ሁለት ሦስት ቢያልፉት አይፈረድበትም፤ እነዚያ ሁለት ሦስቱ ጤነኛ ሊመስሉም ይችላሉ።

የሀምፍሬይ ጉዳይ ሲነሳ አካሄዱ ይኸው ነበር። መጀመሪያ በ1976ቱ ዕጢ ውስጥ ፒ53 የት ላይ እንደተለወጠ ተነበበ። ቀጥሎ ያው ለውጥ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በ1967ቱ የሽንት ሴሎች ውስጥ ተፈለገ፤ ተገኘም። የዲኤንኤ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ፊደል ሲሳሳት ሁለት ጊዜ በአጋጣሚ አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል ብሎ መሟገት ይከብዳል። ስለዚህ በ1967 ካንሰሩ፣ ወይም ቢያንስ ካንሰሩን የወለደው የሴል ዘር፣ ፊኛው ውስጥ ነበረ። «ካንሰር ነው» ያሉት ባለሙያዎች ትክክል ነበሩ።

ታዲያ ይተርፉ ነበር?

እዚህ ላይ ነው ከብዙዎች የምለየው።

አንደኛ፣ ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉትን ፊደል አስቀድመው ያውቁ ነበር። ዕጢው በእጃቸው ነበርና። በ1967 ግን ዕጢ የለም፤ ያለው ደም ያለበት ሽንትና የሚጨቃጨቁ ሐኪሞች ናቸው። ፒ53 ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ አይበላሽም፤ በርካታ የታወቁ ቦታዎች አሉት። በር ቁጥሩን ይዞ ቤት መፈለግና ሰፈሩን በሙሉ ማንኳኳት አንድ አይደለም። የዛሬዎቹ የቅደም ተከተል ንባብ መሣሪያዎች ሰፈሩን በሙሉ ያንኳኳሉ፤ የ1994ቱ ጥናት ግን ይህን አላደረገም።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩ የተመረጠው መጨረሻው ስለታወቀ ነው። በዚያው ዓመት ሽንታቸው ተመሳሳይ ጥርጣሬ አስነስቶ፣ ከዚያ ምንም ሳይሆኑ አርጅተው የሞቱ ሰዎች ስላይድም የሆነ መሳቢያ ውስጥ ይኖራል። የእነሱን ማንም አላወጣውም። በ2020 የወጡ ጥናቶች መካከለኛ ዕድሜ ባላቸው ሰዎች ጤነኛ ፊኛ ውስጥ ሳይቀር ብዙ ዓይነት የጂን ለውጥ የያዙ የሴል መንጋዎች እንዳሉ አሳይተዋል። ለውጥ መኖሩ ብቻውን ፍርድ አይደለም። የፒ53 መበላሸት ከእነዚያ ለውጦች የከበደ ምልክት ነው፤ ያም ሆኖ አንድ የታወቀ ሰው ታሪክ ስንቱ ወደ ካንሰር እንደሚያድግ ሊነግረን አይችልም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በ1967 መልሱ ቢታወቅ ምን ይደረግ ነበር የሚለው ነው። ዛሬ ካርሲኖማ ኢን ሲቱ ሲገኝ መጀመሪያ የሚሰጠው ቢሲጂ ነው፤ ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሚውለው ያው የተዳከመ ባክቴሪያ በካቴተር ፊኛ ውስጥ ይጨመርና የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል። የካናዳው አልቫሮ ሞራሌስ ይህን በ9 ታካሚዎች ሞክሮ ያሳተመው በ1976 ነው፤ ሀምፍሬይ ፊኛቸው በወጣበት በዚያው ዓመት! የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን የፈቀደው ደግሞ በ1990። በ1967 የነበረው አስተማማኝ ምርጫ ፊኛውን ማውጣት ነው። ሽንቱ ከአንጀት በተቆረጠ ቱቦ በሆድ ቆዳ በኩል ወደ ከረጢት ይወጣል፤ ነርቮቹን ማትረፍ ገና ስላልታወቀ ወንድነትም አብሮ ይሄዳል። ሁለት ፓቶሎጂስት ባልተስማሙበት ስላይድ፣ ሥራውን በሚሠራ፣ ሕመም በማይሰማው ሰው ላይ ይህን ለመወሰን የቱ ቀዶ ሐኪም ይደፍራል?

እዚህ ላይ ግን ጠቋሚው የሚሠራውን ሥራ ማየት ይቻላል። ባለሙያዎቹ በተከፋፈሉበት ሰዓት ከዓይን ውጪ የሆነ ሌላ ምስክር ቢኖር ኖሮ ክርክሩ «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም» ከሚለው ወጥቶ «ምን እናድርግ» ወደሚለው ይሸጋገር ነበር። ያ ይተርፉ ነበር ማለት አይደለም። ውሳኔው ግን ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ ዓይን ተገልጦ ይደረግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ምርመራዎች ለዚህ ታካሚ ምን ይሉት ነበር

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ የሽንት ምርመራ ገበያ ላይ ወጥቷል። ሁሉንም መዘርዘር አሰልቺ ነው፤ በሀምፍሬይ ሽንት ላይ ብናስባቸው ግን ልዩነታቸው ይወጣል።

ቢቲኤ ስታት የሚባለውን እንውሰድ። የካንሰር ሴሎች የሚያመርቱትን አንድ ፕሮቲን ይፈልጋል። ይህ ፕሮቲን ደም ውስጥ በተፈጥሮ ካለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል ሽንት ውስጥ ደም ካለ ምርመራው ይሳሳታል። ሀምፍሬይ ሐኪም ዘንድ የሄዱት ደም አይተው ነው! ፖዘቲቭ ቢወጣ የሚጨምርልን እውቀት ትንሽ ነው፤ ደም እንዳለ አስቀድመን እናውቃለንና።

ኤንኤምፒ22 ከሴል ኑክሌስ የሚወጣ ፕሮቲን ይለካል። ብላደርቼክ የተባለው ዓይነቱ እንደ እርግዝና ምርመራ ነው፤ 4 ጠብታ ሽንት ይንጠባጠብበታል፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ መስመሩ ይነበባል። በ2005 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት 1,331 ምልክት ወይም የተጋላጭነት ምክንያት ያላቸውን ሰዎች መረመረ፤ 79ኙ ካንሰር ተገኘባቸው። ኤንኤምፒ22 ከ79ኙ 44ቱን ያዘ። ሳይቶሎጂ፣ ከእነዚሁ ታማሚዎች ናሙናቸው ከታየ 76 ሰዎች የያዘው 12ቱን ብቻ ነው። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ሳይቶሎጂ ይጣል ይላል።

ቁጥሩን እስከ መጨረሻው እንቁጠረው። ካንሰር የሌለባቸው ወደ 1,250 ሰዎች ነበሩ። ኤንኤምፒ22 ከእነዚህ 85.7 በመቶውን ነፃ አወጣ፤ ስለዚህ ወደ 180 የሚሆኑ ጤነኞችን ካንሰር አለባችሁ ብሏል። እውነተኞቹን 44 ስንደምር 224 ገደማ ፖዘቲቭ ሆነ። ከአምስት ፖዘቲቭ አራቱ ሐሰት ነው ማለት ነው። ሳይቶሎጂ በበኩሉ ከጤነኞቹ 99.2 በመቶውን ነፃ ስላወጣ በሐሰት የወነጀለው አስር ያህል ሰው ነው። አንዱ ብዙ ይይዛል፣ ብዙም ይወነጅላል፤ ሌላው ጥቂት ይይዛል፣ ጥቂትም ይወነጅላል። ሌላ ነገርም አለ፦ በዚያው ጥናት መጀመሪያ የተደረገው ሲስቶስኮፒ ያላያቸው 4 ካንሰሮች በኤንኤምፒ22 ተጠቁመዋል፤ ከእነሱ ሦስቱ ጡንቻ የዘለቁ፣ አንዱ ካርሲኖማ ኢን ሲቱ ነበሩ። ለእነዚያ አራት ሰዎች የ180ዎቹ ድንጋጤ ዋጋ አለው። ለ180ዎቹ ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

ለሀምፍሬይ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ዩሮቪዥን ነው። ፕሮቲን አይለካም፤ ሴሉን ራሱን ያያል፣ ነገር ግን ቅርጹን ሳይሆን ክሮሞዞሙን። በሚያበሩ ቀለሞች ክሮሞዞም 3፣ 7 እና 17ን እንዲሁም የክሮሞዞም 9ን አንድ ክልል ያነጥባል። ባለሙያው ቅርጻቸው የተዛባ 25 ሴሎችን መርጦ ነጥብ ይቆጥራል። ጤነኛ ሴል ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ነጥብ አለው። ቢያንስ በ4 ሴሎች ውስጥ ከአንድ በላይ ክሮሞዞም ከሁለት በልጦ ከተገኘ፣ ወይም የክሮሞዞም 9 ክልል በ12 ሴሎች ከጠፋ፣ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው። ክርክር የሚፈጥረው «ኑክሌሱ ጠቆረ ወይስ አልጠቆረም» እዚህ ወደ ቆጠራ ይለወጣል። ፈቃድ ያገኘው በ2001 ለነባር ታካሚዎች ክትትል፣ በ2005 ደግሞ ደም ለሚሸኑ ሰዎች ነው። ሳይቶሎጂው አጠራጣሪ ሲሆን በተመሳሳዩ ናሙና ላይ ማስከተል የተለመደ ሆኗል። የ1967ቱ ሐኪሞች የጎደላቸው ምስክር ከሞላ ጎደል ይህ ነበር።

ከዚያም በኋላ የመጡ አሉ። ኤክስፐርት የሚባለው 5 የአርኤንኤ መልእክቶችን ይለካል፤ ኤፒቼክ በ15 ቦታዎች ላይ ዲኤንኤው ላይ ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት እንዴት እንደተለጠፈ ያያል፤ ሁለቱም ይበልጥ ያገለገሉት ቀድሞ ታመው በክትትል ላይ ባሉ ሰዎች ነው። ለሀምፍሬይ ታሪክ ቅርብ የሆነው ግን በ2020 የወጣው የኢራኑ የጎለስታን ጥናት ነው። ከ50,000 በላይ ሰዎች ጤነኛ ሳሉ ሽንታቸው ተቀምጦ ለዓመታት ተከታተሏቸው። ኋላ ፊኛቸው ካንሰር ካወጣውና ናሙናቸው ሊነበብ ከቻለ 30 ሰዎች በ14ቱ ተርት የተባለው ጂን መቀስቀሻ አስቀድሞ ተለውጦ ተገኘ፤ አንዳንዱ እስከ 10 ዓመት ቀድሞ። ለንጽጽር ከታዩት ካንሰር ያልያዛቸው ሰዎች በአንዱም አልተገኘም። የ1994ቱ ጽሑፍ በአንድ ሰው ያሳየው ዘጠኝ ዓመት፣ እዚህ መጨረሻው ሳይታወቅ በተሰበሰበ ሽንት ተደገመ። ሁለተኛው ተቃውሞዬ በከፊል የተነካው በዚህ ነው፤ ይህን ልክድ አልችልም። ቀሪዎቹ 16ቱ ግን ጠቋሚው አልታየባቸውም።

ዛሬ ቢመጡ

ሽንቱ ላይ ደም በዓይኑ ያየ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ዛሬ ሲመጣ የሽንት ጠቋሚ መጀመሪያ አይታዘዝለትም። ሲስቶስኮፒና የኩላሊት እስከ ፊኛ ሲቲ ስካን ነው የሚታዘዘው። ጠቋሚው ኔጋቲቭ ቢሆንም ሲስቶስኮፒው አይቀርም፤ ፖዘቲቭ ቢሆንም አይቀርም፤ ታዲያ ለዚህ ሰው ምን ይጨምራል? የአሜሪካ ዩሮሎጂ ማኅበር በ2020 መመሪያው ደም በማይክሮስኮፕ ብቻ ለታየባቸው ሰዎች እንኳ በመጀመሪያ ምርመራ ጠቋሚ አትጠቀሙ ብሎ ነበር። በ2025 ትንሽ ላላ፤ መካከለኛ ስጋት ያለው ሰው ሲስቶስኮፒውን ካልፈለገና የሚያመልጥ ነገር ሊኖር እንደሚችል ተነግሮት ከተቀበለ፣ ሳይቶሎጂ ወይም የተረጋገጠ ጠቋሚ ሊቀርብለት ይችላል። ለማን፣ መቼ የሚለው ነው የተለወጠው።

የሀምፍሬይ ዓይነት ሳይቶሎጂ ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ሲስቶስኮፒው ምናልባት በሰማያዊ ብርሃን ይደረጋል፤ አስቀድሞ ፊኛ ውስጥ የተጨመረ መድኃኒት የካንሰር ጥፍጥፎቹን ሮዝ አድርጎ ያበራቸዋል። ባዮፕሲው ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከበርካታ ቦታዎች ይወሰዳል። ካርሲኖማ ኢን ሲቱ ከተገኘ ቢሲጂ በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት ይጀመራል፤ በየ3 ወሩ ሲስቶስኮፒና ሳይቶሎጂ ይከተላል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ሌላው ነው፦ ጠቋሚው ፖዘቲቭ ሆኖ ሲስቶስኮፒው ንጹሕ፣ ባዮፕሲው አጠራጣሪ ሲሆን። አንዳንዶች ይህን ቀድሞ የመጣ ፖዘቲቭ ይሉታል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዕጢው ብቅ የሚልባቸው አሉና። ለሌሎቹ ደግሞ ተራ ሐሰት ሆኖ ይቀራል። የትኛው እንደሆነ በዚያ ቀን የሚለይ ምርመራ የለም። ለታካሚው «አሁን የሚታይ ነገር የለም፣ ግን ተመለስ» ተብሎ ከሦስት ወር በኋላ ቀጠሮ ይያዝለታል። በ1967 ሀምፍሬይ ከምርመራ ክፍሉ የወጡት ከሞላ ጎደል ይህንኑ ቃል ይዘው ነው።